መንኩራኩር ሳይቃጠል እንዴት ይመለሳል? «አይቻልም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። «ከጠፈር በሕይወት የተመለሰ የለም» ይላል ርዕሱ። እኔም ዘንድ ደጋግሞ ደርሷል፤ የሚልኩልኝ ሰዎች ደግሞ «እስኪ ይህን መልስ!» የምትል ነገር ጣል ያደርጉበታል። እሺ፣ ልመልስ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። መንኩራኩር ወደ ምድር ሲመለስ በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት ይገጥመዋል። ይህን የሚችል ብረት የለም። ተወርዋሪ ኮከብ እንኳ ተቃጥሎ ያልቃል። ስለዚህ ከጨረቃ ተመለሱ የተባሉት ሰዎች ከአውሮፕላን በፓራሹት ተጥለው ባሕር ላይ የተለቀሙ ናቸው። ለዚህ ማስረጃ ይሆናል ብለው በኮሎምቢያ መንኩራኩር ላይ የደረሰውን አደጋና የኦራይን መንኩራኩርን የተጎዳ የሙቀት ጋሻ (ከሙቀት የሚከላከል ሽፋን) ያነሳሉ።

ጸሐፊው ዝም ብለው የጻፉ ሰው አይደሉም። ቁጥር ፈልገዋል፣ አንዳንዱም ቁጥር ልክ ነው። የሳቱት ሌላ ቦታ ነው። የሙቀት ጋሻ ሲባል እሳት ችሎ የሚቆም ግድግዳ ነው የሚታያቸው፤ ከቻለ ሰው ይተርፋል፣ ካልቻለ ያበቃል። ጋሻው ግን የሚሠራው እንዲያ አይደለም። አብዛኛውን ሙቀት መጀመሪያውኑ አያስጠጋውም። የተጠጋውን ደግሞ መልሶ ይጥለዋል፤ አንዳንዴ ከገዛ አካሉ ጋር። ጸሐፊው ይህን ስላላዩ ነው ነጥቦቻቸው ሁሉ ወደ አንድ ጎን የዘመሙት።

በየነጥባቸው ልሂድ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሙቀቱ የሚመጣው ከአየር ጋር በሚደረግ ሰበቃ ነው»

ይህን ጸሐፊው ብቻ አይደሉም የሚሉት፤ ዜና ላይም ሁሌ የምንሰማው ነው። ሰበቃ አለ፣ አልክድም። ዋናው ግን የአየር መታመቅ ነው። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ያውቀዋል፤ የፓምፑ ጫፍ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። የታመቀ አየር ይግላል፣ በቃ። ከምህዋር የሚወርድ መንኩራኩር ደግሞ በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበረው። ከፊቱ ያለው አየር ዞር የሚልበት ፋታ አያገኝም። ይታመቃል፣ ይግላል፣ ሞለኪውሎቹ ይበጣጠሳሉ፣ ከአተሞቹም ኤሌክትሮን ይፈለቀቃል። ፕላዝማ የሚሉት ይህንን ነው። የዚህ የታመቀ አየር የፊት ድንበር ሾክ ዌቭ ይባላል።

ታዲያ ሰበቃ ሆነ መታመቅ ምን ለውጥ ያመጣል? ብዙ ያመጣል። ሙቀቱ የሚፈጠረው ከመንኩራኩሩ ፊት ባለው አየር ውስጥ ከሆነ፣ ያንን አየር ከመንኩራኩሩ ማራቅ ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ያየው ሃሪ ጁሊያን አለን ነው። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የኤምስ የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ መሐንዲሶች የሚሳይል ጫፍ ሲነድፉ ሹል ያደርጉት ነበር። ሹል ነገር አየሩን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ብዙ አይግልም ብለው ነው፤ ለማንኛችንም ልክ የሚመስል ሐሳብ ነው። አለን በ1951 ተቃራኒውን ይዞ መጣ። ሹል ነገር ላይ ሾክ ዌቩ ጫፉ ላይ ይለጠፋል፣ ሙቀቱም እዚያው ይገባል። ደነዝና ሰፊ ነገር ግን ሾክ ዌቩን ወደ ፊት ገፍቶ ያርቀዋል፣ አብዛኛው ሙቀትም ከአየሩ ጋር በጎን ያልፋል። በ1953 ከአልፍሬድ ኤገርስ ጋር ሆኖ ጻፈው። የጦር መሣሪያ ነገር ስለነበር ለዓመታት በሚስጥር ተያዘ። መንኩራኩሮቹ ሜርኩሪም፣ ጀሚናይም፣ ወደ ጨረቃ የሄደው አፖሎም፣ ሶዩዝም፣ ድራጎንም፣ ኦራይንም ሰፊ ጀርባቸውን አስቀድመው የሚወርዱት ለዚህ ነው። ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ግኝት ይህ ነው። ከየትኛውም ውድ ማቴሪያል በፊት ሰውን ያተረፈው ቅርጽ ነው፤ ጸሐፊው ግን ስለ ቅርጽ አንድ መስመር አልጻፉም።

ሒሳቡን እንየው። በምህዋር ፍጥነት የሚሄድ አንድ ኪሎ ግራም ነገር 30 ሜጋጁል ገደማ ጉልበት ይዟል። ይህ ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ አንድ ኪሎው ፈንድቶ ከሚለቀው ስድስት ሰባት እጥፍ ነው። ከጨረቃ ሲመለስ ደግሞ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ጉልበቱ ወደ 60 ሜጋጁል ይወጣል። ይህ ሁሉ መንኩራኩሩ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ጸሐፊው ልክ ነበሩ፤ አመድ እንኳ አይገኝም ነበር። ግን አይገባም። አብዛኛው አየሩን በማጋል ያልቃል። መንኩራኩር ሲወርድ ከኋላው የሚታየው ያ ረጅም የብርሃን ጭራ ምን ይመስላችኋል? ተሳፋሪዎቹ ዘንድ ሳይደርስ ሰማይ ላይ የቀረ ጉልበት ነው።

«ይህን ሙቀት የሚችል ብረት በዓለም ላይ የለም»

እዚህ ላይ ተስማምተናል። የለም። ከብረቶች ሁሉ ለመቅለጥ የሚያስቸግረው ተንግስተን እንኳ 3,422 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከአፖሎ ፊት የነበረው ጋዝ ደግሞ ከፀሐይ ገጽ የበለጠ ይግል ነበር። ግን ብረት ማን ጠየቀ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የጋዙ ዲግሪ አንድ ነገር ነው፤ ከጋዙ ወደ መንኩራኩሩ የሚደርሰው የሙቀት መጠን ሌላ ነው። 70 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ የሳሳ ነው። ታምቆም ስስ ነው። ዲግሪው አስደንጋጭ ቢሆንም የያዘው ነገር ጥቂት ነው። ደግሞም የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። ጸሐፊው «5,000 ዲግሪ» ብለው ሲጽፉ መንኩራኩሩ ራሱ 5,000 ዲግሪ የገባ አስመስለውታል። ከጨረቃ የሚመለስ ጋሻ ራሱ የሚደርሰው 2,700 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሱም የላይኛው ገጹ ብቻ።

አሁን ወደ ጋሻው። የአፖሎ ጋሻ አቭኮት ይባላል። ስድስት ጎን ያላቸው ትንንሽ ጉድጓዶች የሞሉበት የፋይበርግላስ መዋቅር በመንኩራኩሩ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ሠራተኞች እንደ ጠመንጃ ያለ መሣሪያ ይዘው ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በሬዚን (ሙጫ መሰል ነገር) ይሞላሉ። ከ300 ሺህ በላይ ጉድጓድ! ሲያበቁ በኤክስሬይ ይታያል። ውስጡ አየር የቀረበት ከተገኘ ተፈልፍሎ ወጥቶ እንደገና ይሞላል። ከአውሮፕላን ለሚጣል የውሸት ዕቃ ይህን ያህል የሚደክም ሰው ካለ እኔም ላየው እፈልጋለሁ።

ይህ ነገር ሲግል ምን ይሆናል? ሬዚኑ በሙቀት ይፈርሳል፤ ጋዝም ይወጣዋል። የላይኛው ክፍል ከሰል ይሆናል። ከታች የሚወጣው ጋዝ በከሰሉ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ውጭ ይነፍሳል፣ ሲነፍስም የጋለውን አየር ከገጹ ይገፋዋል። ከሰሉ ደግሞ ይግልና ያበራል፤ ያም ሙቀቱን በብርሃን መልክ ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። የጋለ ነገር የሚያበራው ጉልበት ዲግሪው ሲጨምር በጣም ነው የሚያድገው። ፍጹም ሙቀቱ (ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ ጀምሮ ሲቆጠር) በእጥፍ ቢጨምር የሚለቀው ብርሃን በ16 እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ገጹ በጋለ ቁጥር መልሶ የሚጥለው ይበዛል። በመጨረሻ ከሰሉ ራሱ እየተሸረፈ ይሄዳል፣ የያዘውን ሙቀት ይዞ። ከሥሩ ያለው ገና ያልተነካ ነው። ከዚያ ሥር ያለው ብረት ደግሞ ወሬውን ገና አልሰማም፤ ሙቀቱ ከሰሉን አልፎ እሱ ዘንድ ሳይደርስ መንኩራኩሩ ፓራሹቱን ዘርግቷል።

ጋሻው ይቃጠላል ማለት ነው። እንዲቃጠል ነው የተሠራው። «ተቃጥሎ ታይቷል» ብሎ መክሰስ ሻማን «ቀለጠ» ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

እንጨት እንኳ ይሠራል ብል ታምኑኛላችሁ? ቻይናዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፎቶ አንስተው በሚመለሱ ሳተላይቶቻቸው ላይ የኦክ እንጨት ጋሻ ይጠቀሙ ነበር። እንጨት ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፣ ሲቃጠልም ከሰል ይሆናል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጁፒተር ላይ የሆነው ነው። ጋሊሊዮ የተባለው መንኩራኩር የጣለው መመርመሪያ በዲሴምበር 7 ቀን 1995 የጁፒተር አየር ውስጥ የገባው በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ነው። ከጨረቃ ከሚመለስ መንኩራኩር አራት እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ 18 እጥፍ ገደማ። መመርመሪያው በሙሉ 339 ኪሎ ነበር የሚመዝነው፤ 152 ኪሎው ጋሻ ነው። ከጋሻው ወደ 80 ኪሎ የሚጠጋው ተቃጥሎ ሄደ። መመርመሪያው ተረፈ፣ ፓራሹቱን ዘረጋ፣ ለአንድ ሰዓት ገደማም መረጃ ላከ። ጋሻው ግማሹን አጥቶ ሥራውን ጨረሰ።

«ተወርዋሪ ኮከብ ተቃጥሎ እያለቀ መንኩራኩር እንዴት ይተርፋል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ከጸሐፊው ጋር አይደለም። ማታ ማታ የምናያቸው ተወርዋሪ ኮከቦች አብዛኞቹ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ናቸው። ፍጥነታቸውም በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር ነው። ቢያልቁ ምን ይገርማል? ተለቅ ያሉት ግን መሬት ይደርሳሉ፤ በየሙዚየሙ ተቀምጠዋል። ብትቆርጧቸው ከላይ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጥቁር ቅርፊት ታያላችሁ። ከዚያ በታች ያለው ድንጋይ ምንም አልሆነም። የላይኛው እየቀለጠ ሙቀቱን ይዞ ሄደ፣ ውስጡ ቀረ። ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ጋሻ ነው። ምሳሌው የጸሐፊውን ሐሳብ ይደግፋል ተብሎ ቢመጣም የሚደግፈው የእኔን ነው።

ከዚህ የጠራ ማስረጃ ካስፈለገ ሃያቡሳን ላንሳ። የጃፓን መንኩራኩር ናት። ኢቶካዋ ከሚባል አስትሮይድ ብናኝ ይዛ በጁን 13 ቀን 2010 ሌሊት አውስትራሊያ ሰማይ ላይ ገባች። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጋሻ ያላት ትንሽ ካፕሱል ቀደም ብላ ለቅቃ ነበር። እናት መንኩራኩሯ ግን ሞተሮቿ ተበላሽተው ስለነበር መንገድ መቀየር አልቻለችም፤ አብራ ገባች። ሁለቱም በአንድ ሰማይ፣ በአንድ ሌሊት፣ በሰከንድ 12 ኪሎ ሜትር። ሳይንቲስቶች በዲሲ-8 አውሮፕላን ላይ ሆነው ቀረጹት። ቪዲዮው ላይ እናት መንኩራኩሯ ተበጣጥሳ እንደ ርችት ስትረግፍ ይታያል፤ ከፊቷ አንዲት ብርሃን ነጥብ ብቻዋን ትሄዳለች። ካፕሱሏ ናት። ዉመራ በረሃ ላይ ተገኘች፣ ብናኙም ውስጧ ነበር። ጋሻ ያለውና የሌለው ጎን ለጎን ሲወዳደሩ ከዚህ በላይ ምን ሊታይ ነው?

አንድ ሰውም አለ። ሶቪየታዊው ቦሪስ ቮሊኖቭ በጃንዋሪ 1969 በሶዩዝ 5 ሲመለስ ከኋላው መለየት የነበረበት ክፍል አልለይ አለው። መንኩራኩሩ በአፍንጫው በኩል፣ ጋሻ በሌለበት በኩል ገባ። የበሩ ማሸጊያ መቃጠል ጀመረ፤ ጭሱ ውስጥ ገባ። ከዚያ ማያያዣዎቹ በሙቀቱ ተሰብረው ክፍሉ ተለየ፣ ካፕሱሉም ከባዱ ጀርባው ስለሚጎትተው በራሱ ዞረና ጋሻውን አስቀደመ። ቮሊኖቭ ከታሰበው ቦታ በጣም ርቆ ኡራል ተራሮች ላይ ወደቀ፤ ጥርሶቹ ተሰበሩ፣ እሱ ግን ተረፈ።

«እውነት ከሆነ ለምን በሮኬት ፍጥነታቸውን ቀንሰው ቀስ ብለው አይወርዱም?»

ስለሚከብድ ነው። ቃል በቃል። ከምህዋር ፍጥነት እስከ ዜሮ በሮኬት ለመቀነስ፣ ምርጥ በሚባለው የሃይድሮጅን ሞተር እንኳ፣ ለሚያርፈው ለእያንዳንዱ ቶን 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ያስፈልጋል። ያን ነዳጅ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ላይ ማውጣት አለ። ከጨረቃ ሲሆን ይብሳል። የአፖሎ ካፕሱል 5.5 ቶን አካባቢ ነበር። አፖሎ በነበረው ዓይነት ሞተር ከ11 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ወደ ዜሮ ለማውረድ ከ180 ቶን በላይ ነዳጅ ይፈልግ ነበር፤ የአፖሎ ሮኬት ሳተርን 5 ግን ወደ ጨረቃ መላክ የሚችለው ሁሉም ነገር ተደምሮ 45 ቶን ገደማ ነው። አየሩ ግን በነጻ ያስቆማል። ከምህዋር የሚወርድ መንኩራኩር ሮኬቱን የሚጠቀመው በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ለመቀነስ ብቻ ነው፤ የቀረውን አየሩ ይጨርሰዋል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ «የኢሎን መስክ ሮኬቶች ያለ ጋሻ ቆመው ያርፋሉ» ይላሉ። የሚያርፈው የፋልኮን 9 የታችኛው ክፍል ነው፤ ምህዋር ደርሶ አያውቅም። ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚሸከመው ጉልበት ከምህዋር ከሚወርደው 15 ጊዜ ያነሰ ነው። ምህዋር የሚደርሰው የላይኛው ክፍል ተመልሶ ሲያርፍ ማንም አላየም፤ ተቃጥሎ ነው የሚቀረው።

ስለ «ምስጢራዊው ዝምታ»ም ጽፈዋል። መንኩራኩሩ ሲገባ ሬድዮው ለደቂቃዎች መቋረጡ «ሰዎቹን ለመቀየር» ነው ይላሉ። ፕላዝማው ውስጥ የተፈቱ ኤሌክትሮኖች ሬድዮ ሞገድን ያግዳሉ፤ ሌላ ነገር የለውም። ከላይ በኩል ግን ፕላዝማው ይሳሳል። ስለዚህ የስፔስ ሸትል መንኩራኩሮች (እንደ ኮሎምቢያ ያሉት ክንፍ ያላቸው የናሳ መንኩራኩሮች) በኋለኞቹ ዓመታት ወደ ላይ፣ ከላያቸው ባለ ሳተላይት በኩል ይነጋገሩ ነበር። በጁን 6 ቀን 2024 ደግሞ የመስክ ኩባንያ መንኩራኩር ስታርሺፕ በአራተኛ በረራው በስታርሊንክ ሳተላይቶች በኩል ቪዲዮ በቀጥታ እያስተላለፈ ገባ። አንደኛው ክንፉ እየቀለጠ ሲበሳ ዓለም ሁሉ በቀጥታ አየ፤ የካሜራው መስታወት ሳይቀር ተሰነጠቀ። ክንፉ እንደዚያ ሆኖም ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ቀጥ ብሎ ወረደ።

«ኮሎምቢያ የተቃጠለችው ጋሻ የሚባል ነገር ውሸት ስለሆነ ነው»

ይህ ያናድዳል። ሰባት ሰዎች ናቸው የሞቱት።

የሆነው ይህ ነው። ኮሎምቢያ በጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ስትነሳ፣ ከ82 ሰከንድ በኋላ ከትልቁ የነዳጅ ታንክ ላይ አንድ የፎም (ስፖንጅ መሰል መሸፈኛ) ቁራጭ ተገንጥሎ የግራ ክንፏን መታ። ክብደቱ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሰዎቹ ለሁለት ሳምንት ምህዋር ላይ ሠሩ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን ሲመለሱ የጋለው አየር በተበሳው ክንፍ ገባ፣ ውስጡን አቀለጠው፣ ሊያርፉ 16 ደቂቃ ሲቀራቸው ቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች።

ጸሐፊው «ኖራ የሚመስል ተሰባሪ ሸክላ ለጥፈው እሳት ይችላል አሉን» ብለው ያሾፋሉ። አንደኛ፣ የተመታው ሸክላው አይደለም። የክንፉ ፊት በካርቦን ክር ከተጠናከረ ካርቦን የተሠራ ነው፤ 1,600 ዲግሪ አካባቢ የሚችል ሌላ ነገር ነው። የአደጋው መርማሪዎች በጁላይ 2003 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ተመሳሳይ ፎም በተመሳሳይ ፍጥነት ተኩሰውበት 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ከፈቱበት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ደነገጡ ይባላል፤ ፎም ይህን ያደርጋል ብሎ የጠበቀ ብዙም አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ሸክላው። እውነት ነው፣ ተሰባሪ ነው። ከሲሊካ ክር የተሠራ ሲሆን ከአካሉ ከ90 በመቶ በላይ ባዶ ቦታ ነው። እንዲያ ስለሆነ ነው ሙቀት የማያሳልፈው! ከምድጃ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግሎ የወጣ ሸክላ፣ መሐሉ ገና ቀይ እያለ፣ ጠርዙን በባዶ እጅ ይይዙት ነበር። ድካሙ ግን ብዙ ነው። አንዲት መንኩራኩር ላይ 24 ሺህ ገደማ ሸክላ አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥርና ቦታ አለው፣ በእጅ ነው የሚለጠፈው። በእኔ አስተያየት ሸትል ላይ የተሳሳቱት ሸክላውን መምረጣቸው አይደለም፤ ይህን ተሰባሪ ገላ ፎምና በረዶ ከሚረግፍበት ታንክ ጎን ማሰራቸው ነው። የአፖሎ ጋሻ እስከ መጨረሻው ተሸፍኖ ነበር የሚቆየው። እዚህ ላይ ናሳን መውቀስ ይቻላል፣ ይገባልም። ፎም በፊትም ይረግፍ ነበር፤ ለምደውት ነበር።

በ1988 አትላንቲስ ከ700 በላይ ሸክላዎቿ ተጎድተው ተመልሳለች፤ አንዱ ጭራሽ ወድቆ ነበር። ኮሎምቢያ ራሷ ከዚያ ቀን በፊት 27 ጊዜ ሄዳ ተመልሳለች። ጋሻው ውሸት ከሆነ እነዚያ 27ቱን ምን አተረፋት? ሃያ ሰባት ጊዜ ጋሻው ሙሉ ሆኖ ተረፈች፣ አንድ ጊዜ ተበስቶ ጠፋች። ከዚህ «ጋሻ አይሠራም» የሚል ድምዳሜ እንዴት እንደሚወጣ ሊገባኝ አልቻለም።

«ናሳ ራሱ በኦራይን ጊዜ አመነ»

ይህ ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ክፍል ነው፤ እውነትም አለበት። ኦራይን ሰው ሳትይዝ ጨረቃን ዞራ በዲሴምበር 11 ቀን 2022 ተመለሰች። ጋሻዋ ሲታይ ከ100 በላይ ቦታ ላይ ከሰሉ ተቦጭቆ ሄዷል። ናሳ ሲጀመር ነገሩን ለስለስ አድርጎ ነው የተናገረው። ፎቶዎቹን ሕዝብ በደንብ ያያቸው በሜይ 2024 የናሳ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ ሪፖርት ሲወጣ ነው። ይህ አያምርም፤ ጸሐፊው ይህን ሲወቅሱ አብሬያቸው ነኝ።

ግን ምክንያቱን ያንብቡት። ኦራይን እንደ አፖሎ ባለ ጉድጓድ መዋቅር አልተሸፈነችም፤ በዚያ መንገድ በ2014 አንድ ጊዜ ከበረረች በኋላ ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ትልልቅ የአቭኮት ብሎኮች መለጠፍ ተጀመረ። አገባቧም ሌላ ነው። አየሩን ነክታ ወደ ላይ ትነሳለች፣ ከዚያ እንደገና ትገባለች። በመሐሉ ሙቀቱ ቀንሶ ይቆያል። ያን ጊዜ ውስጡ ያለው ሬዚን ጋዝ ማውጣቱን ቀጠለ፤ ላይኛው ከሰል ግን በበቂ ስላልተፈጠረ ጋዙን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አልነበረውም። ጋዙ ታፍኖ ጫና ፈጠረ፣ ጫናው ከሰሉን ሰነጠቀው። ምድር ላይ በተደረገው ፈተና ይህ ያልታየው ፈተናው ከእውነተኛው በረራ የበለጠ ስለሚያግል ነው። አያችሁ? ጋሻው የተጎዳው ሙቀት በዝቶበት አይደለም፤ በመሐል ስላነሰው ነው። በግድግዳ ሐሳብ ይህ ትርጉም የለውም። ጋዝ አስተንፍሶ የሚሠራ ነገር መሆኑን ላወቀ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል።

ጓዳዋ ውስጥ የነበረው ሙቀት ደግሞ 24 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ሰው ቢኖር ኖሮ ሹራብም አያስወልቀውም።

በዲሴምበር 2024 ናሳ ቀጣዩን፣ ሰው የሚሳፈርበትን በረራ በዚያው ዓይነት ጋሻ፣ አገባቡን ብቻ ቀይሮ ለማድረግ መወሰኑን ተናገረ። የቀድሞ ጠፈርተኛና የሙቀት መሐንዲስ ቻርለስ ካማርዳ ይህን በአደባባይ ተቃውመዋል። ይህ ክርክር የሚገባ ነው፣ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጥያቄ ብዙው አሳማኝ ነው እላለሁ። ግን ካማርዳ የሚሉት «ይህ ጋሻ በደንብ አልተጠናም» ነው፤ «ጋሻ የሚባል የለም» አይደለም። ሰውየው ራሳቸው በ2005 በሸትል ሄደው ተመልሰዋል።

በመጨረሻ ጽሑፉ «ጠፈር ደርሶ የመጣ ጋሻ በዓይኑ ያየ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አለ። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች በየቀኑ ታልፉታላችሁ። 39 ጊዜ ጠፈር የሄደችው ዲስከቨሪ ከዳለስ ኤርፖርት አጠገብ፣ ሻንቲሊ በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ቆማለች። ሸክላዎቿን ከነቁጥራቸው፣ የተለወጡትን አዲስ ጥቁር ሸክላዎች ከቆዩት ግራጫዎች ጎን፣ ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ። የአፖሎ 11 ካፕሱል መሐል ዋሽንግተን ነው። ለንደን ላላችሁ ደግሞ የአፖሎ 10 ካፕሱል ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ አለ። ጸሐፊው በዚያ በኩል ካለፉ ዲስከቨሪን ይዩልኝ። መግቢያው ነጻ ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ግን ይከፈልበታል።